ጊዜው ገና አልደረሰም

ጣርማ በርን ሳልፍ፣ ጉሙ መስታወት ሲልስ፣
ሞላሌን ተሻግሬ መሐል ሜዳ እስክደርስ፣
ስልኬ አራቴ ጮኸ፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ ለቅሶ፦
«ትናንት የሠራ ሰርቨር ዛሬ ቀረ ፈርሶ!»

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በአራት ትምህርት ቤት ግድግዳ
መምህርት ሸዋርካብሽ ትታያለች፣ ከነጠመኔዋ፣ ከነሰሌዳ፤
ኬሚስትሪ ያለ እሷ የለም፤ ለአራቱም አንዲት ነች፤
ይቺ ሳጥን ካልላከቻት በሦስቱ ዘንድ የለች።

ክፍሉ ድሮ የማዳበሪያ ነበር፤ ዩሪያው ዛሬም ይሸታል፤
ብርዱ ግን ለማሽን ሠርግ ነው፤ ማቀዝቀዣ ማን ይገዛል
የመንዝ ሌሊት ሳለ?
ተቀመጥኩ፣ ከፈትኩ። የይለፍ ቃል አለ።
ወንድይፍራው፣ ከኔ በፊት የነበረው፣ የባንክ ደመወዝ የሳበው፣
ከጠረጴዛው ሥር በእርሳስ ጽፎታል፤ ተንበርክኬ ነው የማነበው፦
የሴት ልጁ ስም፣ ከነተወለደችበት ዓመት።
(እለውጠዋለሁ ብዬ ነበር። እስካሁን አልለወጥኩት።)

መጀመሪያ «ወደቡ ተይዟል» አለኝ፤ ሳቄ መጣ፤
ባሕር የሌለው አገር ልጅ ነኝ፣ ወደብ ከየት ላምጣ?
ፈለግኩ፤ አንድ የተረሳ ፕሮግራም፣ በሩ ላይ የተኛ፣
ማን እንደጫነው ያልታወቀ፣ ኪራይ የማያውቅ መንገደኛ፤
አስነሣሁት። ቀጥሎ፦ «ፈቃድ የለሽም።»
ፋይሉን የጫንኩት እኔ፣ ባለቤቱ ግን አይደለሁም፤
ስመ ንብረቱ በወንድይፍራው፤ አዛወርኩት በአንድ መስመር፣
ያለ ሽማግሌ፣ ያለ እማኝ፣ ያለ ክርክር።

ሌሊቱ ስድስት ሆነ። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ።
ቪዲዮው ብቻ አይመጣም፤ ክቧ ትዞራለች፣ ዘዴ
እንዳጣ የአውድማ በሬ፣ እህል የሌለው ጭድ ላይ።
አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ነቀልኩ፣ ተከልኩ፤ ከላይ
እስከ ታች አራግፌ እንደ አዲስ ጫንኩት።
ያው ነው።

መዝገቡን ከፈትኩ። ማሽን ሲታመም አይጮህም፣ ያጉረመርማል፤
ሺህ መስመር ማጉረምረም፤ መሐሉ ግን አንድ ቃል ይመላለሳል፦
«የምስክር ወረቀቱ ጊዜው ገና አልደረሰም።»

እንዴት? ባለፈው ወር ነው ያሳደስኩት፣ በገዛ እጄ።
ሰዓቱን አየሁ።
ሳጥኗ ከሰባት ዓመት በፊት ቁጭ ብላለች፤ ሦስተኛ ወር፣ ቀን አሥራ ሁለት፤
ያልተወለደ ወረቀት አላምንም አለች። እንዴት ልፍረድባት፣ እንዴት?

ያን ጊዜ ጋሽ ዘርጋው ገቡ፣ ዘበኛው፣ ባናቸውን ደርበው፣
ባቄላ ቆሎ ከኪስ ዘግነው፣ አቅርበው።
«ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ» አሉ «አእምሮዋን ስታ አገኘኋት፤
ቀን ሙላ አለችኝ፤ ማንም አልነበረም፤ እኔ ረዳኋት።
ከግድግዳው ካላንደር፣ ዛሬ ኅዳር ሚካኤል አይደል፣
አንድ በአንድ ለቅሜ ሞላሁ፣ በዚህች ጣት፣ ቁጥር ሳላጓድል።»

አላጓደሉም። ወሩ ልክ ነው፣ ቀኑ ልክ፣ ዓመቱ ልክ።
ሳጥኗም ልክ ናት። ሁለት ልክ ተጋጭቶ ነው ያመሸሁት አንድ ምስል ሳልልክ።

የፈረንጁን ቀን ሞላሁ። በአንዲት ጣት ሰባት ዓመት አለፈ።
ክቧ ቆመች፤ የሸዋርካብሽ አፍ «ኦክሲ…» ላይ ተከፍቶ ዐረፈ፤
ትንሽ ቆይታ «…ጅን» አለች።

ጋሽ ዘርጋው ማኘካቸውን አቆሙ። «ምኑን ነው የተሳሳትኩት?»
«ምንም» አልኩ። ወረቀት ቀድጄ ከስክሪኑ ጥግ ለጠፍኩት፦
ለሳጥኗ የፈረንጁን፣ ለእኛ የእኛን።
እያዩት ቆዩ። መነጽር የላቸውም፤ ፊደሉን በጣት ነው የሚነኩት።

«ታዲያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»
ስክሪኑ አንድ ይላል። «ሰባት» አልኳቸው።
ደስ አላቸው።

ሁለት ኬብል፣ አንድ ፍላሽ፣ ትርፍ ዲስክ ይዤ መጥቻለሁ፤
ሳንቲም የምታህለውን፣ ሰዓት የምትጠብቀውን ባትሪ ረስቻለሁ።
አምፖሉ ብልጭ አለ።
ሁለታችንም፣ ቆሎ እንደያዝን፣
ወደ ሳጥኗ ዞርን።